ባለቤቱን ካልናቁ ግድግዳውን አይቀቡ

ሰሞኑን ከአንድ ወዳጄ ጋር ቡና ልንጠጣ ተቀምጠን ስልኩን አወጣና ፎቶ አሳየኝ። እንግሊዝ አገር ያለ የፈራረሰ የገበሬ ቤት ነው። መስኮቱ ላይ አንድ ልጅ ተሥሏል፤ የቆርቆሮውን መጋረጃ ገለጥ አድርጎ ውጭውን ያያል። አጠገቡ ድመት አለች። «ይሄን የሣለው ማን እንደሆነ ማንም አያውቅም!» አለኝ ወዳጄ፣ ራሱ የሣለው ይመስል ደረቱን ነፋ አድርጎ። ከዚያም ቀጠለ። «እስቲ አስበው፤ እንዲህ ያለ ሰው አንድ ሌሊት ዋግ ኽምራ ቢገባ! ያ ሁሉ ባዶ ተራራ፣ ያ ሁሉ ባዶ የድንጋይ ግድግዳ! ጠዋት ሰቆጣ ስትነቃ ዓለም በሙሉ ስለ እሷ ሲያወራ ነው የምታገኘው።»

ወዳጄ ክፉ ሰው አይደለም። ጥበብ የሚወድ፣ ለአገሩም የሚቆረቆር ሰው ነው። እኔን ያንገበገበችኝ «ባዶ» የምትለዋ ቃል ናት። ለመሆኑ ዋግ ኽምራን ባዶ ያለው ማነው? መቼ ሄዶ ቆጠረው?

አስቀድሜ ለእንግዳው ሠዓሊ ፍርድ ልስጥ። በፎቶው ላይ ያየሁት ሥዕል የባንክሲ ነው። ባንክሲ ከብሪስቶል ከተማ የተነሳ፣ ማንነቱን ደብቆ በየከተማው ግድግዳ ላይ በስቴንስል የሚሥል ሰው ነው። ችሎታው አያጠያይቅም። ባለሥልጣን ይነካል፣ ጦርነትን ይነቅፋል፣ በሀብታም ይሳለቃል። ስሙን የሚደብቅበትም ምክንያት መጀመሪያ ላይ ቀላልና የሚገባ ነበር፤ የሰው ግድግዳ ላይ ሳያስፈቅዱ መሣል በሕግ ያስጠይቃል።

ታዲያ ነገሩ እዚያ ላይ አልቆመም። በ2018 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ በሶዝቢስ ጨረታ ከ1 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ የተሸጠ ሥዕሉ፣ መዶሻው ከመመታቱ ከገዛ ፍሬሙ ውስጥ እየተቆራረጠ ወረደ። ዓለም ሳቀ። በ3 ዓመቱ ያው የተቆራረጠ ሥዕል በ18.6 ሚሊዮን ፓውንድ ተሸጠ። አሁን ደግሞ ማን በማን ላይ እንደሳቀ እናንተው ፍረዱ። ስሙን ደብቄያለሁ የሚል ሰው፣ ከተደበቀው ስሙ የሚበልጥ ገበያ የሚያወጣ ስም ጥቂት ነው።

ባለ ግድግዳዎቹስ? በዚያው በ2018 እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ ወር፣ ባንክሲ ዌልስ ውስጥ ፖርት ታልቦት በምትባል የብረት ፋብሪካ ከተማ የአንድ ተራ ሠራተኛ ጋራዥ ላይ ሣለ። በአንዱ ጎን አንድ ልጅ የሚወርደውን በረዶ በምላሱ ሲቀበል ይታያል፤ በሌላው ጎን «በረዶው» ከሚቃጠል ቆሻሻ የሚነሳ አመድ መሆኑ ይገለጣል። ድንቅ ሥራ ነው። ነገር ግን ሰውየው ያላዘዘው ሥዕል በአንድ ሌሊት ሕይወቱን አናወጠው። ሕዝብ ጎረፈ፣ ጥበቃ ማቆም ግድ ሆነ፣ እንቅልፍ ጠፋ። በመጨረሻ ግድግዳው ለነጋዴ ተሸጦ በ2019 ከቦታው ተነሳ፤ በ2022 ደግሞ ጭራሹን ከከተማዋ ወጣ። ስለዚያች ከተማ አየር የተሣለው ሥዕል ዛሬ በዚያች ከተማ የለም። ወዳጄ ያሳየኝ የገበሬ ቤትም ቢሆን ዕድሉ ከዚህ አልተሻለም። በመጋቢት 2023 እ.ኤ.አ. ሄርን ቤይ አጠገብ ሥዕሉ የባንክሲ መሆኑ በይፋ ሲነገር ቤቱ ፈርሶ ነበር። ለማፍረስ ቀን የተቆረጠለት ቤት ነበርና ሠራተኞቹ ምን እያፈረሱ እንደሆነ እንኳን አላወቁም። የቀረው ፎቶው ነው፤ እሱም በወዳጄ ስልክ ውስጥ።

እንግዲህ ይሄንን ይዘን ወደ ሰቆጣ እንሂድ።

ከሰቆጣ ከተማ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ርቆ ውቅሮ መስቀለ ክርስቶስ የሚባል ከአለት የተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያን አለ። ስለ ላሊበላ የሰማ ሁሉ ስለ ውቅሮ መስቀለ ክርስቶስ አልሰማም። በአጠገቡ የዋግሹሞች አስከሬን ያረፈበት ዋሻ አለ። ዋግሹሞቹ የዛጉዌ ዘር ነን የሚሉ፣ በነገሥታቱ ዘንድም ልዩ ክብር የነበራቸው የአገሩ ገዦች ናቸው። የእነሱን ስም ታሪክ ይዞታል። አለቱን በመሮ እየጠረበ ያንን ቤት ያወጣው ሰውስ ስሙ ማን ነበር? ላስታ ብትሻገሩ ገነተ ማርያም ግድግዳ ላይ ዐፄ ይኩኖ አምላክ ተሥለው ታገኛላችሁ፤ እሳቸውን ሁላችንም እናውቃቸዋለን። ብሩሹን የያዘውን ሰው ግን ስንቶቻችን ጠይቀን እናውቃለን?

«እሱ የድሮ ነው» ትሉኝ ይሆናል። ዛሬም አለ። የዋግ ተራሮችን ከፍ ካለ ቦታ ሆናችሁ እዩ። ዳገቱን ወገቡ ላይ የሚቀንፉት እነዚያ የድንጋይ መስመሮች ምን ይመስሏችኋል? እርከን ናቸው። ልማታዊ ሴፍቲኔት በ1997 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ፣ ከዚያም በፊት በነበሩት ዘመቻዎች፣ ገበሬው ከነሚስቱና ከነጉልማሳ ልጁ ድንጋይ ተሸክሞ ተራራውን ከጫፍ እስከ ጫፍ በካብ ሲያሰምረው ኖሯል። የሠራው ለስንዴውና ለዘይቱ ነው፤ የሠራው አፈሩ ተጠርጎ ተከዜ እንዳይገባበት ነው። ይሁን እንጂ ተራራ ላይ መስመር አስምሮ በፎቶ የሚሸጥ ሰው በአውሮፓ ሙዚየም ሲከበር አይተናል። የኛው ገበሬ ያንኑ ሲሠራ ግን «የቀን ሥራ» ይባላል፤ ስሙም የሚገኘው በስም መቆጣጠሪያ ወረቀት ላይ ብቻ ነው፣ ከፊርማ ቦታው አጠገብ አውራ ጣቱን ያሳረፈበት።

ነሐሴ አጋማሽ ላይ ደግሞ ሻደይ ይመጣል። ልጃገረዶቹ ቄጤማ የመሰለውን ሻደይ ወገባቸው ላይ አስረው፣ ጸጉራቸውን ተሠርተው፣ ኩላቸውን ተኩለው በየደጁ ሲጨፍሩ ከተማውም ገጠሩም ራሱ ሥዕል ይሆናል። ግጥሙን ማን እንደገጠመው አይታወቅም፤ የሹሩባውን ንድፍ ማን እንዳወጣው አይታወቅም። ከእናት ወደ ልጅ ሲወርድ የመጣ ነው። ይሄ ሁሉ ባለበት አገር ላይ ቆሞ «ባዶ ግድግዳ» ማለት ዓይን ይዞ አለማየት ነው።

እዚህ ላይ «ስም አለመታወቅ» የሚባለውን ነገር ፈታ አድርገን እንየው፤ ሦስት ዓይነት ነውና።

አንደኛው ስሙን የሚደብቅ ሰው ነው። ስም አለው፣ ሆነ ብሎ ሸሸገው። ከሕግ ሊያመልጥበት ይችላል፣ ወሬ ሊያሞቅበትም ይችላል። ሁለተኛው ስሙን የሚተው ሰው ነው። የአብያተ ክርስቲያናቱ ሠዓሊ ብዙ ጊዜ ስሙን አልጻፈም፤ ዋጋውን የሚጠብቀው ከሰው አልነበረምና። ሁሉም እንዲያ አደረገ ማለቴ አይደለም። በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ጊዜ የነበረው ፍሬ ጽዮን ጣና ዳጋ እስጢፋኖስ ያለው ሥዕሉ ላይ ስሙን አስፍሯል፤ ስለዚህም ዛሬ እናውቀዋለን። ሦስተኛው ግን ስሙን ያልደበቀ፣ ስሙንም ያልተወ፣ ማንም ያልጠየቀው ሰው ነው። የዋግ ኽምራ ሰው ቁስል ይሄ ሦስተኛው ነው።

ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. ቢቢሲ ማይክል ቡርክ እየተረከ፣ መሐመድ አሚን ያነሳውን ፊልም ለዓለም አሳየ። ቦታው ያኔ በወሎ ክፍለ ሀገር የነበረችው ኮረም ናት። ከዋግና ከላስታ ደጋ ወርዶ፣ ከራያ ተሰባስቦ እዚያ ሜዳ ላይ የተኛው ሕዝብ በአንድ ምሽት የዓለም ሁሉ ሥዕል ሆነ። ያ ፊልም ብዙ ሕይወት እንዳተረፈ አልክድም፤ የሚክድ ሰው ኅሊና ይጎድለዋል። ዕርዳታው ጎርፏል፣ ዘፈኑ ተዘፍኗል፣ በዓመቱ ታላቁ የላይቭ ኤይድ ኮንሰርት ተደርጓል። የዘፋኞቹን ስም ዓለም በቃሉ ያውቃል። የጋዜጠኛውንም ያውቃል። ጭንቅላቱን እናቱ ጉልበት ላይ ጥሎ ካሜራውን ያይ የነበረው ልጅ ግን ስሙ ማን ነበር? የእናትየውስ? ከየትኛው ቀበሌ መጡ? በእግር ስንት ቀን ተጓዙ? ያ ሕዝብ ፊቱ ከለንደን እስከ ኒው ዮርክ ተለጥፎ፣ ስሙ ከሜዳው ሳይነሳ ቀረ።

ከዚያ ወዲህ የመጣውም ከዚያው አልራቀም። በሐምሌ 2007 ዓ.ም. መንግሥት «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» የሚባለውን አወጀ። ዕድሜያቸው ከ2 ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናትን መቀንጨር እስከ 2030 እ.ኤ.አ. ለማጥፋት የተገባ ቃል ነው። ዓላማው ቅዱስ ነው፤ ተሳክቶ ያሳየን። ግን ልብ በሉ፤ ሰቆጣ የሚለው ስም በየአዳራሹ፣ በየባነሩና በየኮፍያው ላይ ሲጻፍ ከምን ጋር ተጣብቆ ነው የሚጻፈው? ከመቀንጨር ጋር። ውቅሮ መስቀለ ክርስቶስ ያለበት አገር፣ የዋግ ማር የሚቆረጥበት አገር፣ ኽምጣና የሚነገርበት አገር፣ ስሙ ሲነሳ ለሰው የሚታየው የተራበ ሕፃን ሆነ። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ጦርነቱ መጥቶ ሰቆጣን አገኛት፤ ስሟ እንደገና በዜና ላይ ወጣ፣ እንደገና በክፉ።

ወደ ገጠሩ ስትወጡ ከተማው ተራራው ላይ የተከለውን ጥበብ ታገኛላችሁ፤ የፕሮጀክት ታፔላ። የምንጭ ማጎልበቻው ራስ ላይ ታፔላ፣ የትምህርት ቤቱ በር ላይ ታፔላ፣ የእርከኑ ግርጌ ላይ ታፔላ። የለጋሹ ስም በትልቁ፣ የአስፈጻሚው በመካከለኛ፣ የቢሮው አርማ በቀኝና በግራ። ድንጋዩን የተሸከመው ሰው ስም የት አለ? «የአካባቢው ማኅበረሰብ» ተብሎ ከታች በደቃቅ ፊደል ይጻፋል። ፕሮጀክቱ አልቆ፣ ቧንቧው ደርቆ፣ ብረቱ ዝጎ እንኳን የለጋሹ ስም ይነበባል። ከከተማ ወደ ገጠር የመጣው የመጀመሪያው የግድግዳ ጥበብ ይሄ ነው፤ ባንክሲ ቢመጣ ሁለተኛ ነው የሚሆነው።

አሁን አሁን ደግሞ «የገጠር ኮሪደር» የሚል ቃል ሰምተናል። ከተማ ውስጥ ሕንፃው ሁሉ ግራጫ ሲቀባ ዝም ብለን አየን። የገጠሩ ቤት ንጹሕ ይሁን፣ መብራት ይግባ፣ ከብቱና ሰው ይለያዩ ከተባለ እሰየው ነው። ፕላኑ የሚነደፈው ግን የዋግን ድንጋይ ደርድሮ ቤት ማቆም ከሚያውቀው ግንበኛ ጋር ተመካክሮ ካልሆነ፣ አሁንም የአገሩ ሰው በገዛ ቤቱ እንግዳ ይሆናል።

«ታዲያ አንተ ገጠር ጥበብ አይግባ ነው የምትለው?» የሚለኝ አይጠፋም። አልልም። እንዲያውም እንዴት እንደሚገባ የሚያሳይ ሰው አለ።

አሜሪካ ውስጥ ናቫሆ በሚባሉት ነባር ሕዝቦች ምድር በሕክምና ያገለገለ ቺፕ ቶማስ የሚባል ጥቁር አሜሪካዊ ሐኪም አለ። እዚያ የሄደው በ1987 እ.ኤ.አ. ነው፤ ሊያክም። ሕዝቡን እያከመ፣ ሲፈቅዱለት ፎቶ እያነሳ ኖረ። ያነሳቸውን ፎቶዎች በትልቁ አሳትሞ መንገድ ዳር ባሉ ዳሶችና አሮጌ ግድግዳዎች ላይ መለጠፍ የጀመረው በ2009 ነው። በሌላ ስም፣ በጎዳና ጥበብ ስሙ ነበር የሚሠራው። ልዩነቱን ቁጠሩት፤ 22 ዓመት! ግድግዳው ላይ የሚታዩት ፊቶች በልባቸው ላይ ማዳመጫ ያኖረባቸው ሰዎች ናቸው። መንገደኛው ሥዕሉን ለማየት መኪናውን ሲያቆም ዳሱ ሥር ጌጣጌጥ የሚሸጡት ባለቤቶች ገበያ አገኙ፤ እነሱም ሌላ ለጥፍልን ማለት ጀመሩ። ጥያቄው ከባለ ግድግዳው መጣ ማለት ነው።

ጄአር በሚል አጭር ስም የሚታወቀው ፈረንሳዊም በ2009 እ.ኤ.አ. ናይሮቢ ኪቤራ ገብቶ የሴቶቹን ፊትና ዓይን በጣሪያዎቻቸው ላይ አልብሶ ነበር። እሱ ግን ያሳተመበት ውኃ በማያስገባ ሸራ ላይ ነው፤ ጣሪያው ዝናብ እንዲከላከል። ሥዕሉን የሚያየው ባቡር ላይ ያለው መንገደኛ ቢሆንም፣ ሥሩ የሚተኛው ሰው ቢያንስ አልዘነበበትም።

ሩቅ መሄድም አያስፈልግም። ወደ ደቡብ ወርዳችሁ ሀላባን ብታቋርጡ ጎጆዎቹ ግድግዳቸው በእንስሳና በሰው ሥዕል ደምቆ ታያላችሁ። ሠዓሊው የአገሩ ሰው ነው፤ የሚሥለው የአገሩን ኑሮ ነው፤ ቤቱ ባለቤት አለው፤ ባለቤቱም ቤቴ አማረልኝ ይላል። የፈረንጅ መጽሔት እስኪያደንቀው አልጠበቀም።

እኛ ግን «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» የሚል ተረት ይዘን፣ የናቅነውን ሰው አጥር ስንነቀንቅ «አስዋብንልህ» እንላለን። ሌሊት በጨለማ የሰው ግድግዳ የሚጠጋ ሰው ለንደን ውስጥ አርቲስት ሊባል ይችላል። ዋግ ውስጥ መጀመሪያ የሚያገኘው ውሻው ነው፤ ቀጥሎ ባለቤቱ። ባለቤቱም «ማነህ?» ሲለው «ስሜን አልናገርም» ቢል ምን እንደሚከተል መናገር አያስፈልገኝም። «ማነህ?» የሚለው ጥያቄ በዚያ አገር የሰላምታ መጀመሪያ ነው። የማን ልጅ ነህ፣ ከየት መጣህ፣ ምን ልርዳህ ይባላል። መልሱን ከሰጠ እግሩ ታጥቦ፣ ጠላ ቀርቦለት፣ መደቡ ተለቆለት ያድራል። ሰው ስሙን ሲደብቅ የሚደበቀው ከሕግ ብቻ አይደለም፤ ከእንግድነትም ይወጣል።

ስለዚህ ብሩሽ ይዞ ወደ ዋግ ኽምራ ለሚያስብ ወጣት ሁሉ፣ ከአለ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ለሚወጣውም፣ ከባሕር ማዶ ለሚመጣውም ጥቂት ነገር አለኝ። በቀን ግባ። የግድግዳውን ባለቤት በአፉ ጠይቅ፤ ኽምጣና የማትችል ከሆነ የሚችል ሰው ይዘህ ጠይቅ። እምቢ ካለህ ተመለስ። ለአንድ ቅዳሜና እሑድ ፎቶ ከሆነ አትድከም፤ ቢያንስ አንድ ክረምትና አንድ በጋ ተቀመጥ። ፊቱን የምትሥለውን ሰው ስም ከሥዕሉ ሥር፣ ከስምህ በላይ ጻፍ። ፎቶው በተሸጠ ጊዜም ባለ ግድግዳው ድርሻው ይድረሰው።

ለከተማችን ሹማምንትና ለድርጅቶቹም አለኝ። በሚቀጥለው ታፔላ ላይ፣ ከሎጎዎቹ አንዱን ቀንሳችሁ፣ እርከኑን የካቡትን ሰዎች ስም ጻፉ። ቦታ አይበቃም አትበሉኝ፤ ለአርማ በቅቷል። ለቤተ ክህነት ሰዎችም፦ ከገበያ የተገዛ የታተመ ባነር በእጅ ሥዕል ፋንታ ስትሰቅሉ፣ በአካባቢያችሁ ቀለም በጥብጦ መሣል የሚችል አንድ ዲያቆን ሥራ እየፈታችሁ እንደሆነ አስቡ። ሥዕሉን ስታሠሩት ደግሞ ስሙን መዝግቡ። እሱ ለጽድቅ ብሎ ስሙን ቢተወው የእሱ ትሕትና ነው፤ እኛ ሳንጠይቀው ብንቀር ግን የእኛ ንቀት ነው።

ይሄን ሁሉ ለወዳጄ ስነግረው ቡናው ቀዝቅዞ ነበር። «አጭሩን ንገረኝ፣ ይምጣ ነው አይምጣ?» አለኝ።

«ይምጣ፤ ስሙን ተናግሮ ይምጣ» አልኩት።

ስልኩን ኪሱ ሊከት ካለ በኋላ መልሶ አወጣው። «ያ ቤተ ክርስቲያን ስሙ ማን ነበር ያልከኝ?»

«ውቅሮ መስቀለ ክርስቶስ።»

ጻፈው። እንግዲህ ሄዶ ያየው እንደሆነ፣ ቁልፉን ይዘው በር የሚከፍቱለትን አባት ስም እንዲጠይቅልኝ አደራ ብዬዋለሁ።